ልጄ ማልቀስ ያቆመበት ሳምንት

ስሜ ያይኔአበባ ነው። እዚህ አገር ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪዋ ይህን ስም መጥራት አቃታትና «ኦርና» አለችኝ፤ በዚያው ኦርና ሆኜ ቀረሁ። ቤት ውስጥ ግን ሁልጊዜም ያይኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲያመጡን እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ ነበር አሉ። እኔ የማስታውሰው ጆሮዬን ክፉኛ እንዳመመኝና አባቴ የራሱን ጆሮ በሁለት እጁ ይዞ ሲጸልይ እንደነበር ብቻ ነው። ያደግሁት አፉላ በምትባል ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ ላይ፣ አሳንሰር ከሌላቸው አሮጌ ፎቆች በአንዱ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነው።

ይህን የማወጋችሁ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩበት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ በሕፃናት ማቆያ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ባለቤቴ ደሳለኝ ደግሞ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። የራሳችን ቤት እስኪደርሰን ድረስ የምንኖረው ከወላጆቼ ጋር ነበር።

ስለ አባቴ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረውን አትረዱልኝም። አባዬ የኦሪት ሕግ ጠባቂ ነው። በጎንደር መንደራችን አንዲት ሴት ስትወልድ ከሰፈሩ ወጣ ብላ በተሠራች የአራስ ጎጆ ትቀመጣለች፤ የወለደችው ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። አራሷንም ሆነ ሕፃኑን የነካ ሰው ይረክሳል። ገላውን ታጥቦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ከሰው ተለይቶ ይቆያል። ጊቫት ሃሞሬ ላይ የአራስ ጎጆ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ሰውም እዚህ ከመጣ ወዲህ ነገሩን እየተወው ሄዷል። አባዬ ግን የእኔን መኝታ ቤት ጎጆ አደረገው። ጠዋት ጠዋት ደፉ ላይ ይቆምና «ያይኔ፣ እንዴት አደርሽ? ልጁስ እንዴት አደረ?» ብሎ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ከሩቅ አይቶት ይመለሳል። እኔም አልተቀየምኩትም። አባዬ እንዲህ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ነው ያሳደገኝ።

ምጤ ረዘመብኝና በመጨረሻ በቀዶ ጥገና ወለድኩ። ወንድ ነው ሲሉኝ አለቀስኩ። ልጁም እሪ አለ። ድምፁ እንዴት ይበረታ እንደነበር አልረሳውም፤ አዋላጇ ሳቅ ብላ «ይሄስ ዘፋኝ ነው» አለች።

ከሆስፒታል ስወጣ ለስፌቱ ሕመም ማስታገሻ ክኒን ተሰጠኝ። ውስጡ ኮዴይን የሚባል መድኃኒት ያለበት፣ በዚያ ዘመን ለብዙ አራሶች የሚታዘዝ ክኒን ነው። ሕመሙ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ሳል ሲመጣብኝ ሆዴ በእሳት የተቀደደ ይመስለኛል። ክኒኑን ስውጠው ግን ሕመሙ ውኃ ላይ እንደወደቀ ጨው ይሟሟል። ከዚያ አልጋው የሚንሳፈፍ ይመስለኝና እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል። ስነቃም ራሴ ይዞራል፣ አፌ ይደርቃል፣ ገላዬን ያሳክከኛል። ለእማዬ ስነግራት «አራስ አይደለሽ? ስንት ደም ፈሶሻል! ተኚ፣ እንቅልፍ ነው የሚጠግንሽ» አለችኝ። እውነቷን መሰለኝ።

ልጁም እንደኔው ይተኛ ጀመር።

መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶች አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው አይተውት «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ድምፁም አይሰማ!» ይላሉ። ደሳለኝ «ይሄ ልጅ ልክ ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣ ሰው ነው የሚተኛው፤ በእኔ ወጥቷል» እያለ ይስቃል። ማቆያው ውስጥ ሲያለቅሱ የሚውሉ ሕፃናትን ስለማውቅ እኔም ዕድለኛ ነኝ አልኩ።

ቀን በቀን ግን ደስታዬ እየሸሸ ሄደ። ጡቴን አፉ ውስጥ ሳደርግለት አንዴ ሁለቴ ይስብና ይተወዋል። ወተቱ ባፉ ጥግ ፈሶ በአንገቱ ይወርዳል። የእግሩን መዳፍ ስኮረኩረው ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስና ተመልሶ ዝም ይላል። ጡቴ ድንጋይ ሆኖ አበጠ። እማዬ አጥባው ስታበቃ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና ትንሽ ቆማ አየችው።

«ምነው እማዬ?»

«ምንም። ውኃ ሲነካው አላለቀሰም።» ከዚያ ደግሞ ራሷን ልታጽናና መሰለኝ፣ «ሙቀቱ ይሆናል። የዚህ አገር ሙቀት እንኳን ሕፃን በሬ ይጥላል። ነገ ግርዘቱ ይለፍና ለሐኪም እናሳየዋለን» አለች።

በማግሥቱ ልጁ ስምንተኛ ቀኑን ይይዛል፤ ይገረዛል፣ ስምም ይወጣለታል። በዚያው ጠዋት እማዬ ለድግሱ የጎደለውን ልትገዛ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ወረደች። ደሳለኝ ሥራ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጁና አባዬ ብቻ ቀረን።

ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሞሄሉ ነበሩ፤ ማለትም ገራዡ። ከሞሮኮ የመጡ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ በአፉላና በዙሪያዋ ስንቱን ልጅ የገረዙ ሽማግሌ ናቸው። ከግርዘቱ በፊት ልጁን ማየት ልማዳቸው ነው። አንዳንድ ሕፃን ገላው ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫነቱ ካልለቀቀ አይገርዙም። አባዬ ከሳሎን በእጁ ወደ እኔ ክፍል አመለከታቸውና እሱ እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ቆመ።

እጃቸውን ታጥበው መጡና መጠቅለያውን ፈቱ። «ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጀግናችን እንዴት ነው?» እያሉ ደረቱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። «ቢጫ አይደለም፣ ጥሩ።» ከዚያ የእግሩን መዳፍ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ደገሙት፤ ዝም። ጣታቸውን አፉ ውስጥ አስገቡ፤ አልጠባም። ፈገግታቸው ጠፋ።

«መቼ ነው የጠባው?»

«ጠዋት... ትንሽ ሞክሮ ነበር።»

«ሲያለቅስ የሰማሽው መቼ ነው?»

ቀኖቹን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ዛሬ? እማዬ ስታጥበው እንኳ አላለቀሰም። ትናንት? ሲያለቅስ አልሰማሁትም። ከትናንት ወዲያ? ልጄ ሲያለቅስ መጨረሻ የሰማሁበትን ሰዓት በአእምሮዬ ፈልጌ አጣሁት።

«ነገ ይህን ልጅ አልገርዝም» አሉ።

አባዬ ዕብራይስጥ ጥቂት ብቻ ቢሰማም ፊታቸውን አይቶ ነገሩን ጠርጥሮታል። «ምን አሉ?» አለኝ። ተረጎምኩለት።

«ስምንተኛው ቀን እኮ ነገ ነው!» አለ። «የአብርሃም ቃል ኪዳን እንዴት ይታለፋል? በአገራችን ሰንበት ቢውልም አናሳልፈውም ነበር። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ሞሄሉ አባዬን ትክ ብለው አዩት፤ ሳይቆጡ ነበር የመለሱለት። «ለአባትሽ እንዲህ በይልኝ። ሕጉ የታመመ ልጅ እስኪድን ጠብቁ ይላል። ለጤነኛ ልጅ ቢላዬ በረከት ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ሞት ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም አሁን ስለ ግርዘት የምናወራበት ሰዓት አይደለም። ትንፋሹን ተመልከቺ።»

ተመለከትኩ። ደረቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ቆመ። ጠበቅሁ። አሁንም ጠበቅሁ። ልጮህ ስል እንደገና ከፍ አለ።

«አምቡላንስ እስኪመጣ አንጠብቅም፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። መኪናዬን ደጃፉ ላይ አቆማለሁ፣ ይዘሽው ውረጂ!» ብለው ሽማግሌው እንደ ወጣት ደረጃውን እየዘለሉ ወረዱ።

ልጁን ልይዝ ተነሳሁ። ስፌቴ ተቀዶ የተከፈተ መሰለኝ፣ ክፍሉም ዞረብኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አልኩ። እንደገና ሞከርኩ። ከእኔ ጋር እሱም ደረጃው ላይ ይወድቃል ብዬ ፈራሁ።

«አባዬ!»

አባዬ ደፉ ላይ ቆሟል። እጆቹ በጎንና በጎኑ ተንጠልጥለዋል። ዓይኑ ልጁ ላይ ነው። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። ሰባ ዓመት የኖረበትን ሕግ በዚያች ደቂቃ ተሻገር ብዬ ማዘዝ አልቻልኩም። «አባዬ፣ ልጄ...» አልኩት።

ገባ። ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር። ልጁን ከአልጋው አንስቶ ደረቱ ላይ አስደገፈው፤ ሌላ ክንዱን ለእኔ ዘረጋልኝ። «ያዢኝ» አለ። «በደንብ ያዢኝ፣ አትፍሪ።» እኔ ክንዱ ላይ ተንጠልጥዬ፣ እሱ በአንድ እጁ ልጄን አቅፎ ደረጃውን ወረድን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልየውን ግን አልሰማሁም።

መኪናው ውስጥ አባዬ ከኋላ ወንበር ላይ ጆሮውን የልጁ አፍንጫ ላይ ለጥፎ ተቀመጠ። ኮረብታውን ስንወርድ ሞሄሉ የመኪናውን ጡሩምባ እየነፉ መኪና ሁሉ ያልፋሉ።

«አለ» ይላል አባዬ።

ትንሽ ቆይቶ፣ «አለ።»

መብራት ያዘን። ከፊታችን ወታደሮች የጫነ አውቶቡስ ተገትሯል። ከአባዬ ድምፅ ጠፋ። እኔ ዞሬ ለማየት አቅም አጣሁ፤ የፊት መስታወቱ ላይ አፍጥጬ «አባዬ?» አልኩ። «አባዬ!»

«ቆይ...» አለ። ከዚያ «አለ። አለ ልጄ፣ አለ።»

የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንዲት ነርስ ልጁን ከአባዬ እጅ ነጥቃ እየሮጠች ገባች። ተከትያት ስገባ ሌላዋ «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። «ገና ስም አልወጣለትም። ነገ ነበር» አልኩ። «የኦርና ልጅ» ብላ ጽፋ ክንዱ ላይ አሰረችለት።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ዶክተር ስቬታ ይሏታል፤ ዕብራይስጧ ከሩሲያ እንደመጣች ይናገራል። ኦክስጅን ፊቱ ላይ አደረጉለት፣ ደም ቀዱ፣ በደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉ። በመሣሪያው ላይ የሚታየው መስመር ሲዘገይ ነርሷ የልጁን ጀርባ ታሻለች፤ ያኔ አንድ ትንፋሽ ይተነፍሳል። ኢንፌክሽን ይሆናል፣ አንጎል ይሆናል፣ ልብ ይሆናል ሲሉ እሰማለሁ። ዶክተር ስቬታ የዓይኑን ቆብ ገልጣ በትንሽ መብራት አየችው። እንደገና አየችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«የልጅሽ የዓይን ብሌን ጠብቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንዲህ የሚያደርግ ነገር ጥቂት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አደንዛዥ ዕፅ ትወስጃለሽ?»

ፊቴ ጋለ። ጥቁር ስለሆንኩ ነው የምትጠይቀኝ አልኩ በልቤ። ከኋላዬ የቆመው አባዬ «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ስለ መጥባቱ ነው የጠየቀችኝ» አልኩት። በአባቴ ፊት ያን ቃል መተርጎም አልቻልኩም።

«ዕፅ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም!» ብዬ ጮህኩባት። «ቢራ እንኳ አልጠጣም! ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ከሕመም ክኒን በቀር ሌላ መድኃኒት ባፌ አልዞረም!»

«የቱን ክኒን?»

የለበስኩት ቀሚስ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። ስሙን አነበበች።

«ከታዘዘልሽ በላይ ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም። እንደነገሩኝ ነው።»

«ስትወስጂው ምን ይሰማሻል?»

ነገርኳት። መንሳፈፉን፣ ጭልጥ የሚያደርገውን እንቅልፍ፣ ማዞሩን፣ ማሳከኩን፣ ከወለድኩ ጀምሮ ሆዴ መድረቁን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ መብራቷን አንስታ ወደ ራሴ ዓይን አበራች።

«ያንቺም ጠብቧል» አለች።

ሮጣ አንድ አዛውንት ሐኪም ጠርታ መጣች። በፍጥነት ያወራሉ፤ እኔ ግማሹን ነው የምሰማው። አዛውንቱ ክኒኑን አገላብጠው አይተው «በዚህ መጠን? እንግዳ ነገር ነው» አሉ። እሷም «እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሕፃን እንዳለ በቅርቡ አንብቤያለሁ። እናቲቱ መድኃኒቱን ከሌላ ሰው በተለየ መንገድ የምትፈጭ ከሆነ ይቻላል» አለች። እሳቸው ጎንበስ ብለው የልጁን ዓይን ራሳቸው አዩ። ቀና ሲሉ ክርክር አልነበረም። «ማርከሻውን ስጡት» አሉ። «አሁን።»

በመርፌ ሰጡት። ሁሉም ልጁን ከበበው።

ያን ደቂቃ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የመሣሪያው ድምፅ፣ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሿሿ፣ ከማዶ የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ይሰማኛል። በዚያ በሌላው ልጅ ለቅሶ እንዴት እንደቀናሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጄን አየዋለሁ። ምንም የለም። ከዚያ የቀኝ እጁ ጣቶች ተዘረጉ። ግንባሩ ተጨማደደ። አፉ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ድምፅ አልወጣውም፤ ቀጥሎ ግን ክፍሉን ሁሉ የሞላ እሪታ ለቀቀው።

አዋላጇ ዘፋኝ ነው ስትል የሰማሁት ድምፅ ነው። ያው ራሱ።

አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሳይሄዱ ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ሞሄል ገብተው አጠገቡ ቆሙ። ቋንቋ አይግባቡም፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

በዚህ አበቃ ብል ደስ ባለኝ። ማርከሻው ቶሎ የሚያልቅ መድኃኒት ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ልጄን እንደገና ሸለብ አደረገው፣ ትንፋሹም ዘገየ። ደሳለኝ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ እየሸተተ የደረሰው በዚያች ሰዓት ነው። «ምንድን ነው? ጠዋት ስወጣ ደህና አልነበር?» እያለ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐኪሞቹን ያያል። እንደገና ማርከሻ ሰጡት፤ እንደገና አለቀሰ። ቀስ በቀስ የሚገባ አድርገው ሰቀሉለትና ወደ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱት።

ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ዶክተር ስቬታ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ደሳለኝና አባዬም ነበሩ፤ ይኸኛውን ሁሉንም ለአባዬ ተረጎምኩለት።

«ኮዴይን በራሱ ብዙ ኃይል የለውም» አለች። «ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። የአብዛኛው ሰው ጉበት ከዚያ ጥቂቱን፣ ያውም በዝግታ ይለውጣል። ያንቺ ጉበት ግን ፈጣን ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙውን ባንድ ጊዜ ይለውጠዋል። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ እንቅልፍ ብቻ ወሰደሽ። ከወተትሽ ጋር ያለፈው ግን በዚህ ትንሽ ገላ ውስጥ ዕለት ዕለት ተጠራቀመ።»

«ይሄ በሽታ ነው?» አላት ደሳለኝ።

«አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። አንዱ ሰው ረጅም፣ አንዱ አጭር እንደሚሆነው። ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ ከሌላው በዛ ብሎ ይታያል ይባላል።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ የመረዝኩት» አልኩ።

«አይደለም!» አለች ቆጣ ብላ። «አንቺ የታዘዘልሽን ወሰድሽ። ያዘዘልሽም ለሌላው ሰው የሚሆነውን አዘዘ። መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም፤ ለአንቺ አይሆንም እንጂ። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን እናውቃለን።» ቀጥላም እንዲህ አለች፤ «ስለ ዕፅ ስለጠየቅሁሽ ይቅርታ አልልሽም። ባልጠይቅሽ ኖሮ ክኒኑን አታወጪውም ነበር። ግን እንዳመመሽ ገብቶኛል።»

ያ አነጋገሯ ደስ አለኝ። ከማባበል ይሻላል። ያን ጊዜ ነው ቀድሞ የጠየቀችኝን ለአባዬ የነገርኩት። አባዬ አሰበና «ትጠይቅ እንጂ» አለ። «ጠይቃ አይደል ያዳነችው።»

እማዬ ገበያ አዝላ ቤት ስትደርስ ባዶ አልጋ አገኘች። ጎረቤት ነግሯት፣ የድግሱን ዕቃ እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ሽንኩርቱን በእጇ አንጠልጥላ ሆስፒታል መጣች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ነርሷ ሽንኩርት አይገባም ስትላት፣ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሳቁም ስፌቴን አሳመመኝ።

ክኒኑን ተውኩ። ቀላል ማስታገሻ ሰጡኝ፤ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፣ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ራሴ ጠራልኝ። መድኃኒቱ ከገላዬ እስኪወጣ ድረስ ወተቴን እያለብኩ ደፋሁት፤ ልጄን እያየሁት በጡጦ ይመግቡት ነበር። ከዚያ ዶክተር ስቬታ «አሁን ስጪው» አለችኝ። ጡቴን ሲይዝ እስኪያመኝ ድረስ ሳበው። ደሜን ለምርመራ ወስደው ነበርና ውጤቱ ዘግይቶ ሲመጣ ግምቷ ልክ ሆኖ ተገኘ።

አባዬስ? ያን ቀን ማታ ቤት ገብቶ ታጠበ አሉ፤ ከዚያ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። በማግሥቱ ግን ተመልሶ መጥቶ ልጁን «ስጡኝ» አለ። ታቀፈው። ማታም ታጠበ። በሦስተኛው ቀን እንዲሁ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደተወው አላውቅም፤ ብቻ ከሆስፒታል ስንወጣ የእኔን ክፍል ደፍ አልፎ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ጀመር። ሰው አስተያየት ሊሰጥ ሲሞክር ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ ያዞረዋል።

ሞሄሉ ልጁ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ ሰባት ቀን ቆጥረው መጡና ገረዙት። ጭኑ ላይ አስቀምጦ የያዘው አባዬ ነው። በዕብራይስጥ ሃይም አልነው፤ ሕይወት ማለት ነው። አባዬ ግን ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ «ዘገየ» አለው፤ ዛሬም ቤት ውስጥ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው።

አንድ ቀን፣ ልጁ መዳህ ሲጀምር፣ አባዬን ጠየቅሁት። «ያን ቀን ደፉ ላይ ቆመህ ምን ታስብ ነበር?»

ልጁ የአባዬን የእግር ጣት ይዞ ሊነሳ ይታገላል፤ አባዬም እሱን ያያል።

«ብነካው የምረክሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ባልነካው ግን እስክሞት ነበር። ይህን ለማሰብ ነው የቆምኩት። ቶሎ ባለማሰቤ ይቆጨኛል።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ በተለይ እህቶቼ፣ መድኃኒት ፍሩ ልላችሁ አይደለም። ልጄን የወሰደው መድኃኒት ከሆነ የመለሰውም መድኃኒት ነው። የምላችሁ ሌላ ነው። ሐኪም የሚያውቀው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ስለ ገላችሁ ግን ከእናንተ ካልሰማ ከየት ያውቃል? አንድ ክኒን ከሌላው ሰው በተለየ ሲጥላችሁ፣ ሲያሳክካችሁ፣ ሲያንሳፍፋችሁ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ተናገሩ። የምታጠቡ ከሆነ ደግሞ የምትውጡትን ልጃችሁም እንደሚውጠው አስቡ። ሕፃን አብዝቶ ሲተኛና ጡት ሲተው ጨዋ ነው አትበሉ፤ ቀስቅሱት፤ አልነቃ ካለ ሩጡ። ሐኪም የሚያስቀይም ጥያቄ ቢጠይቃችሁም መልሱለት። እኔ በንዴት ዝም ብዬ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ሌላ ታሪክ ነበር።

እኔን በተመለከተ፣ ከዚያ ሳምንት በፊት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ልጄን፣ አሁንም በቀዶ ጥገና፣ ወለድኩ። ሕመሙ ያው ነበር። አንዲት ደግ ነርስ በትንሽ ብርጭቆ ክኒን ይዛልኝ መጣች። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ኮዴይን አለበት አለችኝ። ለእኔና ለልጄ እንደማይሆን፣ ከዚህ በፊትም ለሐኪሞቹ ነግሬ እንደነበር ነገርኳት። እሷም በቅንነት ልታጽናናኝ ፈልጋ ትራሴን እያስተካከለች «አይዞሽ፣ ይህ ቀላል ነው፤ ሁሉም ይወስዱታል» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «እኔ ግን ሁሉም አይደለሁም።»

ብርጭቆውን መልሳ ይዛው ሄደች፣ ሐኪሙንም ጠይቃ ሌላ አመጣችልኝ። ሴት ልጄ እቅፌ ውስጥ ጡት ፈልጋ ጩኸቷን ታቀልጠው ነበር፤ አላባበልኳትም፣ ትንሽ ሰማኋት።